ከሰፈር ቱቦ እስከ ደንገሉ፦ ለተማሪዎች የቆሻሻና የረግረግ ትምህርት የከተማ አስተዳደርን ድጋፍ የማግኛ ዝርዝር መመሪያ

በብዙ ትምህርት ቤቶች ሁለት ነገሮች ለየብቻ ይካሄዳሉ። አንደኛው የጽዳት ዘመቻ ነው፤ ተማሪዎች መጥረጊያ ይዘው ይወጣሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ ሳምንት ሳይሞላ ግቢው ወደነበረበት ይመለሳል። ሁለተኛው በሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ ስለ ረግረጋማ መሬት የሚነበበው አጭር ትምህርት ነው። ሁለቱን የሚያገናኛቸው የጎርፍ ቱቦ ግን ማንም አያነሣውም። ባሕር ዳር ላይ ክረምቱ ሲገባ ከሰፈር የተነሣ ጎርፍ ሃይላንዱን፣ ፌስታሉንና የሻይ ቤቱን ትርፍራፊ ጠርጎ ወደ ጣና ወይም ወደ ዓባይ ይወስዳል። ከዚያ ውስጥ ብዙው በውሃው ዳር በቀረው ደንገልና ቄጤማ መካከል ተይዞ ይቀራል። ስለዚህ ቆሻሻ መለየትንና ረግረግን እንደ አንድ ትምህርት ያዙት፤ ለአስተዳደሩም እንደ አንድ ሥራ አቅርቡት።

መመሪያው የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ለሚያስተባብሩ መምህራን፣ ለወጣት ማኅበራትና ለወላጆች ነው። ምሳሌዎቹ የባሕር ዳርና የጣና ዙሪያ ናቸው፤ ሐዋሳ ወይም ጅማ ያለ ሰው የቦታውን ስም ቀይሮ ሊሠራበት ይችላል።

1. ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ውሃውን ተከተሉ

ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ደረቅ ወቅት፣ ከ10 እስከ 15 ተማሪዎችና ቢያንስ ሁለት አዋቂዎች ሆናችሁ ከትምህርት ቤቱ በር ተነሡ። ውሃ የሚወርድበትን ቦይ እየተከተላችሁ እስከ መጨረሻው ሂዱ። በደብተር ላይ ቀለል ያለ ካርታ ሣሉ፤ ክፍት ቱቦዎች፣ ቆሻሻ የሚጣልባቸው ጥጎች፣ ቦዩ ከትልቁ መውረጃ ጋር የሚገናኝበትና ውሃው የሚያበቃበት ቦታ ይታዩበት።

በመንገዳችሁ ላይ አንድ ቦታ ምረጡና 10 ሜትር ለኩ። በዚያ ርዝመት ውስጥ ያለውን ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ ጨርቅና የምግብ ትርፍራፊ ቦይ ውስጥ ሳትገቡ ከዳር ሆናችሁ ቁጠሩና ጻፉ። ቦታውን ከሚታወቅ ነገር ጋር አያይዛችሁ መዝግቡት፤ ከድልድዩ ስንት እርምጃ፣ ከየትኛው ምሰሶ ፊት ለፊት እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ። ቆጠራው በየሩብ ዓመቱ እዚያው ላይ ካልተደገመ ዋጋ የለውም።

የሰፈሩን አዛውንቶችም ጠይቁ። ደንገሉ ቀድሞ እስከ የት ይደርስ ነበር? አሁን ቤት ወይም ማሳ የሆነው የትኛው ነው? ዓሣ የሚጠመደው የት ነበር? መልሱን ተማሪዎች ይጻፉ፤ የተናገሩትን ሰው አስፈቅደው ድምፅ ቢቀዱም መልካም ነው። «አካባቢያችን ቆሽሿል» የሚል አቤቱታ የቢሮ ኃላፊ በየቀኑ የሚሰማው ነው። ካርታና ቆጠራ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ግን ያልተለመደ ባለጉዳይ ስለሆነ ይደመጣል።

2. ማን ምን እንዳለው እወቁ

አብዛኛው ጥያቄ የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። ክበቡ «የበጀት ድጋፍ ይደረግልን» ብሎ ይጽፋል፤ የቀበሌ ወይም የክፍለ ከተማ በጀት ደግሞ አብዛኛው ለደመወዝና ለሥራ ማስኬጃ ተመድቦ ያለቀ ነው። ኃላፊው ቅን ቢሆንም እንኳ የሚሰጠው የለውም። ነገር ግን ያው ቢሮ መኪና፣ ባለሙያ፣ አዳራሽ፣ ችግኝ፣ ማኅተምና ሰው የመጥራት ሥልጣን አለው። በመጀመሪያው ዓመት እነዚህን ጠይቁ።

የቢሮዎች ስም በየመዋቅር ለውጡ ስለሚቀያየር በስማቸው ሳይሆን በሥራቸው ፈልጓቸው። ቆሻሻ የሚያነሣው ክፍል፣ በብዙ ከተሞች ጽዳትና ውበት የሚባለው፣ መኪናና ገንዳ አለው፤ ከደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራት ጋርም ይሠራል። የአካባቢ ጥበቃ ክፍሉ ሕግ የሚያውቅ ባለሙያ አለው። ግብርና የችግኝ ጣቢያ አለው፤ ረግረጉ የወል መሬት ይሁን የግጦሽ ወይም በግለሰብ የተያዘ የሚያውቁ ሰዎችም እዚያው አሉ። ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ተማሪ ከግቢ ይዞ ለመውጣት ፈቃድ የምታገኙበት ነው፤ ወጣቶችን የሚመለከተው ክፍል ደግሞ የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎትን ያስተባብራል። ቀበሌው ትንሽ መስሎ ቢታይም ሁሉም ዞሮ የሚመጣው ወደ እርሱ ነው፤ የቀበሌውን ሊቀመንበር ሳታነጋግሩ ከላይ አትጀምሩ።

ከመንግሥት ውጭም አንድ ሁነኛ በር አለ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በዓሣ፣ በረግረግና በዱር እንስሳት ላይ የሚያስተምር ክፍል ስላለው መምህራኑንና ተመራቂ ተማሪዎቹን ለአንድ ቅዳሜ መጠየቅ ይቻላል።

3. ደብዳቤው

አንድ ገጽ ይበቃል። ለእያንዳንዱ ቢሮ ለየብቻ ጻፉ፤ ከአንድ ቢሮ ከሦስት ነገር በላይ አትጠይቁ። የሚከተለው ለጽዳትና ውበት የሚላክ ናሙና ነው።

ቁጥር፦ ________  ቀን፦ ________

ለ________ ክፍለ ከተማ ጽዳትና ውበት ክፍል

ጉዳዩ፦ ለተማሪዎች የቆሻሻ መለየትና የረግረግ ትምህርት ድጋፍ ስለመጠየቅ

የትምህርት ቤታችን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ከግቢያችን እስከ ሐይቁ ዳር ያለውን የጎርፍ መውረጃ ቦይ አጥንቶ የቆሻሻ ቆጠራ አድርጓል። ካርታውና የቆጠራው ውጤት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ክበቡ በግቢው ውስጥ ፕላስቲክ፣ ወረቀትና የሚበሰብስ ቆሻሻን ለይቶ ለመያዝና ተማሪዎችን ለማስተማር ዝግጅቱን ጨርሷል። በመሆኑም፦ ሀ) የማይሸጠውና የማይበሰብሰው ቆሻሻ በሳምንት አንድ ቀን በመኪና እንዲነሣልን፤ ለ) አገልግሎት የሚሰጡ ሁለት ገንዳዎች እንዲመደቡልን፤ ሐ) አንድ ባለሙያ በወር አንድ ጊዜ ተገኝቶ እንዲያስተምር እንዲወከልልን እንጠይቃለን። ክበቡ በበኩሉ በየሩብ ዓመቱ የሥራ ሪፖርት ያቀርባል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለ________ ቀበሌ አስተዳደር፤ ለ________ ትምህርት ጽሕፈት ቤት

ደብዳቤው በርእሰ መምህሩ ፊርማና በትምህርት ቤቱ ማኅተም ይውጣ። መዝገብ ቤት አስገቡትና የተመዘገበበትን ቁጥርና ቀን በእጃችሁ ባለው ቅጂ ላይ አስጽፉ። ከሳምንት በኋላ ስትሄዱ «ደብዳቤ አስገብተን ነበር» ከማለት ይልቅ ቁጥሩን ተናገሩ፤ ወደ ማን እንደተመራም ጠይቁ። ባለሙያው ጠረጴዛ ላይ የደረሰ ደብዳቤ በአካል ሲጠየቅበት ይንቀሳቀሳል። ለክትትሉ አንድ መምህርና ሁለት ተማሪዎች መድቡ፤ በየጊዜው ሌላ ሰው አትላኩ።

ሕጉም ይረዳችኋል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የከተማ አስተዳደሮች የቆሻሻ አያያዝ ዕቅድ ሲያወጡ የታችኛውን አስተዳደር እርከንና ነዋሪውን እንዲያሳትፉ የሚያዝ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ቢሮዎቹ ይህን አዲስ አዋጅ ለሕዝብ ማስረዳት አለባቸው፤ ክበባችሁ አድማጭና አስተማሪ ይዞላቸው እንደሚመጣ በቃል ንገሯቸው።

ጥያቄው ከተፈቀደ በኋላ ስምምነቱን በአጭር የመግባቢያ ሰነድ አስፍሩት፤ መኪናው በየትኛው ቀን ይመጣል፣ ባለሙያው ማን ነው፣ እርሱ ከሌለ ማን ይተካዋል የሚለው ይጻፍ። ገንዳ፣ ጓንት ወይም አካፋ ከተሰጣችሁ በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ለትምህርት ቤቱ ገቢ ይደረግ። ንብረቱ በመምህሩ ስም ከቆየ መምህሩ ሲዛወር ክርክር ያመጣል።

4. ግቢ ውስጥ መለየት፣ ከቆራሌው ጋር መስማማት

ሦስት ማስቀመጫ በቂ ነው፤ ለፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ለወረቀትና ለሚበሰብስ። የቀረው ወደ ገንዳው ይሄዳል። ለፕላስቲኩና ለወረቀቱ የታጠበ ማዳበሪያ ከረጢት በእንጨት ክፈፍ ላይ መወጠር ርካሽና ጠንካራ ነው። ሃይላንዱ ክዳኑ ተፈትቶ፣ ውሃው ተደፍቶና ተጨፍልቆ ይግባ። ግማሽ ሊትር የሚይዝ ባዶ ጠርሙስ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ግራም ስለሚመዝን አንድ ኪሎ ለመሙላት ከ50 እስከ 100 ጠርሙስ ያስፈልጋል። ይህን ለተማሪዎች አስቀድማችሁ አስረዱ፤ ብዙ ገንዘብ ጠብቀው ከሚያዝኑ ሒሳቡን ራሳቸው ቢሠሩት ይሻላል። ጥሩ የሒሳብ ትምህርትም ይሆናል።

ገዢ ለማግኘት ሩቅ አትሂዱ። በየሰፈሩ የሚዞሩት ቆራሌዎችና ልዋጮች ይህን ሥራ ከማናችንም በፊት ሲሠሩት የኖሩ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱን ወደ ክበቡ ጋብዙና የትኛው ፕላስቲክ እንደሚሸጥ፣ የትኛው እንደማይሸጥ፣ ዕቃው ከእጁ ወጥቶ ወደየት እንደሚጓዝ ያስረዳ። ተማሪዎች በዚያ ሰዓት ስለ መልሶ መጠቀም የሚያውቁት ከማንኛውም ፖስተር የበለጠ ነው፤ ለሥራውም አክብሮት ያድርባቸዋል። በሌላ በኩል ክበቡ ከሰፈር ቆሻሻ ገንዳ ጠርሙስ እየለቀመ የእነዚህን ልጆች እንጀራ እንዳይሻማ ተጠንቀቁ። የእናንተ ድርሻ የትምህርት ቤቱ ግቢና የተማሪዎች ቤት ነው።

የሽያጩ ገንዘብ በትምህርት ቤቱ ሒሳብ ገቢ ይሁን፤ በደረሰኝ ይመዝገብ፤ ለምን እንደሚውል የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት በቃለ ጉባኤ ይወስን። ትንሽ ብር ናት ብሎ በኪስ መያዝ ብዙ ክበብ አፍርሷል።

የሚበሰብሰው ከሁሉም ይበዛል፤ በከተሞቻችን ከሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እርሱ ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ቦታ ከልሉ። ሁለት ወይም ሦስት እጅ ደረቅ ቅጠልና ገለባ፣ አንድ እጅ እርጥብ ልጣጭና የቡና አተላ እያደረጋችሁ ደራርቡ። ሲጨብጡት የሚረጥብ ግን ውሃ የማይንጠባጠብ መሆን አለበት። በየሁለት ሳምንቱ ገልብጡት፤ በሦስት ወር ገደማ ጥቁርና አፈር አፈር የሚሸት ብስባሽ ይሆናል። ሥጋና ቅባት አይጥ ስለሚጠሩ አይግቡ።

መርፌ፣ የተሰበረ ጠርሙስ፣ የመድኃኒት ዕቃና ባትሪ በተማሪ እጅ አይነካ። ይህ ደንብ በግቢውም በቦዩም አይሻርም።

5. የረግረጉ ትምህርት ከክፍል ይጀምራል

ሁለት ባለ ሁለት ሊትር ባዶ ጠርሙሶች ውሰዱ። በጎናቸው አስተኟቸውና የላይኛውን ጎን እንደ መስኮት ቁረጡት፤ ቁርጡን አዋቂ ይሥራው። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት አፈር እስከ ግማሽ ሙሏቸው። በአንደኛው ውስጥ፣ ወደ አፉ በኩል፣ ከነሥሩና ከነአፈሩ የተነቀለ ሣር አጥብቃችሁ ትከሉ። ሁለተኛው ባዶ አፈር ሆኖ ይቅር። አፋቸው ትንሽ ወደ ታች አዘንብሎ ከጠረጴዛው ጠርዝ ይውጣ፤ ከሥራቸው ንጹሕ ብርጭቆ አኑሩ። ከዚያ እኩል መጠን ያለው ውሃ ከኋላ በኩል፣ በተበሳ ቆርቆሮ አድርጋችሁ፣ እንደ ካፊያ አፍስሱ።

ባዶ ከሆነው አፈር ውሃው ቶሎ ይመጣል፤ መልኩም የጠላ አተላ ይመስላል። ሣር ካለበት ዘግይቶ፣ አንሶና ጠርቶ ይወርዳል። ተማሪዎች በሰዓት ይለኩ፣ ብርጭቆዎቹን ጎን ለጎን አድርገው ይሣሉ። አሁን የተቀዳደደ ፌስታል አፈሩ ላይ በትናችሁ እንደገና አፍስሱ። ፌስታሉ በሣሩ ላይ ተይዞ ይቀራል፤ የደንገሉ ነገር በዓይን የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በመጨረሻ ሳሙና የተሟሟበት ውሃ ጨምሩ፤ ሣሩ አያስቀረውም፣ በታች በኩል አረፋው ይወጣል። ረግረግ ደለልን ያስቀራል፤ ማዳበሪያና ፍሳሽ የሚያመጡትን ንጥረ ነገር ግን እፅዋቱ የሚወስዱት ቀስ በቀስ ነው፤ ሲበዛባቸውም አይችሉትም። የቀረው ወደ ሐይቁ ገብቶ እንደ እምቦጭ ያለውን አረም ይመግባል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ የታየው እምቦጭ ምቹ ሁኔታ ሲያገኝ በሁለት ሳምንት አካባቢ እጥፍ ሊሆን የሚችል ነው፤ ዘሩም በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል።

ለታላላቆቹ ተማሪዎች የዓሣውን ታሪክ ጨምሩላቸው። በጣና ውስጥ በዓለም ሌላ የትም የማይገኙ 15 ያህል የአንድ ወገን ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ከእነርሱ ብዙዎቹ በክረምት እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ገባር ወንዞች ሽቅብ ወጥተው እንቁላል ይጥላሉ። የወንዙ አፍና የሐይቁ ዳር በደለልና በቆሻሻ ሲበላሽ የሚጎዳው የዓሣ አጥማጁም ቤተሰብ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት የተመዘገበ መሆኑንም ይወቁ።

6. ወደ ረግረጉ መውጣት

ጥሩው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። ከአውሮፓና ከእስያ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡ ወፎች በፎገራ ሜዳና በጣና ዙሪያ የሚገኙት በዚህ ወቅት ነው፤ ከአገሬዎቹ ሽመላ፣ ይብራና ሳቢሳ ጋር ይታያሉ። የዓለም የረግረጋማ መሬቶች ቀንም ጥር 25 ላይ ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ ባለው ዓመት ጥር 24 ይሆናል። አስተዳደሩ ኃላፊ ለመላክ ምክንያት ስለሚያገኝ ቀኑን ተጠቀሙበት። የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ከተጋጨ ግን ሳታቅማሙ አዛውሩት።

የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ፣ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ፈቃድና ለእያንዳንዱ 10 ተማሪ አንድ አዋቂ ያስፈልጋል። ማንም ተማሪ ውሃ ውስጥ አይገባም፤ በጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ፣ ትሉም በባዶ ቆዳ ይገባል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ ስላለ የምትቆሙበትን ቦታ ቦታውን ከሚያውቅ ሰው ጋር አስቀድማችሁ ምረጡ። እምቦጭ ተማሪዎች እንዲነቅሉ አታድርጉ፣ ለማሳያ ብላችሁም ወደ ግቢ አታምጡት፤ ቁራጩ ሌላ ውሃ ካገኘ ይዛመታል።

እዚያ ስትደርሱ ንግግሩን ለነዋሪው ስጡት። ታንኳ የሚሠሩ የነገደ ወይጦ አባቶች የትኛው ደንገል ለታንኳ እንደሚደርስ፣ እንዴት እንደሚታጨድና እንደሚደርቅ፣ ካለፉት ዓመታት ወዲህ ለማግኘት ስንት እንደሚደክሙ ሲናገሩ የሚሰማ ልጅ ረግረግን እንደ ባዶ መሬት አያይም። የቀን ሥራቸውን ትተው ስለሚመጡ የድካማቸውን ክፈሏቸው። ረግረጉን አጠንፍፎ አትክልት የሚያለማ ገበሬ ብታገኙም ተማሪዎች ፊት አታሳጡት፤ ለምን እንደሚያርሰው ጠይቁት፣ የእርሱም መልስ ይጻፍ።

7. ሪፖርቱ

መሥሪያ ቤቶች በየሩብ ዓመቱ ወደ በላይ አካል ሪፖርት ያደርጋሉ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ሩብ ዓመቶቹ መስከረም፣ ታኅሣሥ፣ መጋቢትና ሰኔ መጨረሻ ላይ ይዘጋሉ። የእናንተን አንድ ገጽ ከወሩ 20ኛ ቀን በፊት አድርሱ። በውስጡ የተሳተፉ ተማሪዎች ብዛት ሴትና ወንድ ተለይቶ፣ የተሸጠው ፕላስቲክና ወረቀት በኪሎ፣ የተዘጋጀው ብስባሽ፣ የ10 ሜትሩ ቆጠራ የፊተኛውና የአሁኑ፣ የበጎ ፈቃድ ሥራው በገንዘብ ሲተመን የሚሆነው ይጻፍ። ባለሙያው እነዚህን ቁጥሮች በራሱ ሪፖርት ውስጥ ያስገባቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ የእናንተ ሥራ የእርሱም ሥራ ነው፣ መኪናው ሲቀር የሚደውለው እርሱ ይሆናል። ቆጠራው ካልቀነሰ እንዳልቀነሰ ጻፉ፤ ቆሻሻው ከየትኛው ጥግ እንደሚመጣ ካርታው ላይ አመልክታችሁ ቢሮው እዚያ ምን እንዲያደርግ እንደምትፈልጉ ጨምሩበት።

8. ሁለተኛው ዓመትና በጀቱ

ገንዘብ የሚጠየቀው አሁን ነው። የቀጣዩ ዓመት ዕቅድና በጀት የሚዘጋጀው ዓመቱ ከማለቁ ከወራት በፊት ስለሆነ ጥያቄያችሁ በጥርና በየካቲት መግባት አለበት፤ በሰኔ የገባ ጥያቄ በጀቱ ከተደለደለ በኋላ ይደርሳል። ከደብዳቤው ጋር ያቀረባችኋቸውን ሪፖርቶች ሁሉ አያይዙ። ዝርዝሩ ጓንትና ቦት ጫማ፣ ለጉዞ ነዳጅ፣ ለታንኳ ሠሪዎቹ የድካም ክፍያ እያለ በዋጋ ይቀመጥ፤ «ለልዩ ልዩ» የሚል መስመር አይግባበት። የከተማው ምክር ቤት አባላት ከመራጩ ጋር በሚገናኙበት መድረክም ሁለት ተማሪዎች ካርታውን ይዘው ይቅረቡ።

ችግኝ የምትተክሉም ከሆነ በዚሁ ወቅት ከግብርና ጋር ተነጋገሩ። የአረንጓዴ አሻራ ዕቅድ ሲወጣ በውሃው ዳር ባሕር ዛፍ እንዳይመደብ፣ በምትኩ ደንገል፣ ቄጤማና አገር በቀል ዛፍ እንዲሆን አስቀድማችሁ ካልጠየቃችሁ ክረምት ላይ የምታገኙት የተረፈውን ችግኝ ነው።

ባለሙያ ይዛወራል፣ ተማሪም ይመረቃል። ስለዚህ ደብዳቤዎቹ፣ ካርታው፣ ቃለ ጉባኤዎቹና ደረሰኞቹ በአንድ ፋይል ሆነው በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጡ። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ከታችኛው ክፍል ምክትሎች ተመርጠው ከነባሮቹ ጋር ወደየቢሮው ይሂዱ፤ ባለሙያዎቹ የአዲሶቹን ፊት ከክረምቱ በፊት ይወቁት።